ወደ ላይ የማይወጣው ዜማ

ባለፈው ሰሞን ለሥራ በሄድኩበት ከተማ፣ ካረፍኩበት ሕንፃ ምድር ቤት ወርጄ እርጥብ ልብሴን ማድረቂያው ውስጥ ከትቼ ቁልፉን ስጫነው፣ ማሽኑ ትንሽ ተንገጫግጮ «እምምም» ብሎ አንድ ድምፅ ላይ ረጋ፤ እኔም ሳላስበው አፌን ከፍቼ «ሳ» አልኩና ገጠምኩት። አጠገቤ ካልሲ ያጣጥፉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ፣ እዚህ አገር ሰው እንግዳ ነገር ሲያይ እንደሚያደርገውም ወዲያው ወደ ካልሲያቸው ተመለሱ። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ስቶክሆልም ዳር፣ ልጅነቴ ያለፈበት ፊቲያ ነበርኩ፤ ጸጉሬን ሹሩባ ተሠርቼ፣ የታጠበ አንሶላ ታቅፌ፣ የሰው ተራ እንዳልነካ እየፈራሁ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

ያደግኩበት ሕንፃ ከፊቲያ ጣቢያ ወጥተው ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ከሚያገኟቸው ረጃጅሞች አንዱ ነበር። ልብስ የሚታጠበው ምድር ቤት፣ በጋራ፣ በተራ ሲሆን ክፍሉ ትቬትስቱጋ ይባላል፤ አባዬ «የስዊድን ሰው ሚስቱን ቢቀሙት ይመካከራል፣ የትቬትስቱጋ ተራውን ቢቀሙት ግን ይጣላል» እያለ ይቀልድ ነበር። አባዬ አውቶቡስ ነጂ ነበር፤ እማዬ ደግሞ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ስለነበር ልብሳችን የሚታጠበው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ከእኛ ቀጥሎ ያለው ተራ የወይዘሮ ካማላ ነበር። ወይዘሮ ካማላ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ፣ ከደቡብ ሕንድ ከታሚሎች አገር የመጡ ቀጭን ሴት ነበሩ፤ ቀን ቀን ላቦራቶሪ ይሠራሉ፣ ከሥራ መልስ ሳሎናቸው ውስጥ የአገራቸውን ልጆች ዜማ ያስተምራሉ። መኸር ሲገባ ከሳሪያቸው በላይ ወፍራም ካፖርት፣ ከሳሪያቸው በታች የበረዶ ቡት አድርገው ይወርዱና፣ ተራቸው ሳይደርስ ቀድመው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ማድረቂያው ሲያጉረመርም ዓይናቸውን ጨፍነው ከእሱ ጋር ያዜሙ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እማዬ አንሶላ ስታጣጥፍ እኔ ጫፉን ይዤ ቆሜ፣ ሥራ ፈት አፌ ከማሽኑ ጋር «እምምም» ሲል ወይዘሮ ካማላ ዜማቸውን አቋርጠው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ማሽኑን ሰማሽው?» አሉኝ በስዊድንኛ።

«እየጮኸ እኮ ነው» አልኳቸው፤ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ብዬ።

«ጩኸቱንማ ሁሉም ይሰማል። አንቺ የቆመበትን ቦታ ነው የሰማሽው» አሉና ወደ እማዬ ዞረው፣ ልጅቷን ወደ እኔ ላኪያት አሏት። በስዊድንኛ አንቱታ ስለሌለ እማዬ አክብሮቷን የምትገልጸው በአንገቷ ነበር፤ ጎንበስ ቀና እያለች «አባቷን ልጠይቅ» ብላ አንሶላዋን ታቅፋ ወጣች።

አባዬ በልጅነቱ ድቁና የተቀበለ ሰው ስለነበር ነገሩ በዋዛ አላለፈም። ወይዘሮ ካማላ ራሳቸው እኛ ቤት መጥተው፣ ጫማቸውን አውልቀው ሶፋው ጫፍ ላይ ሲቀመጡ፣ አባዬ ለመንገደኛ የሚበቃ ስዊድንኛ እያለው ከባድ ነገር ሲመጣ በእኔ በኩል መናገር ይወድ ነበርና «ዘፈን ነው መዝሙር? ብለሽ ጠይቂያቸው» አለኝ። በስዊድንኛ ሁለቱም አንድ ስለሆኑ ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ «ዘፈን ነው ወይስ ዘፈን?» ሆነ፤ ሴትዮዋም ግራ ተጋብተው አዩኝ። ቀጥሎ የመጣው ግን ግልጽ ነበር። «የማን አምላክ ነው የሚመሰገንበት?»

ወይዘሮ ካማላ አልተቆጡም። «የእኛ አማልክት ይመሰገኑበታል» አሉ። «ዜማው፣ ራጋ የምንለው፣ ራሱ ግን ቃል የለውም። ከፈለጋችሁ ቃሉን ትተን ልጅቷ በድምፆቹ ስም ብቻ ታዜማለች። ሳ፣ ሪ፣ ጋ፣ ማ፣ ፓ፣ ዳ፣ ኒ።» አባዬ ጺሙን እያሻሸ ሰባቱን አንድ በአንድ በምላሱ ላይ አዞራቸው፤ አንዳቸውም የጣዖት ስም አልመሰሉትም መሰለኝ፣ «እንግዲህ ቃል እስካልወጣት ድረስ» ብሎ ፈቀደ። እማዬ በዚያን ቀን ማታ «ጎረቤት ነው፣ ምን ይደረግ» ስትል ሰማኋት፤ ደስ እንዳላት ግን ድምጿ ያስታውቅ ነበር፤ እሷም ብትሆን ሲያንጎራጉሩ መስማት ትወድ ነበር።

በዚያ መኸር ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን በር ላይ ጥዬ ወደ ላይ እሮጥ ነበር። ወይዘሮ ካማላ ምንጣፍ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ አጠገባቸው የዳቦ መጋገሪያ ቆርቆሮ የምታክል ሳጥን ነበረች፤ ስትከፈት አራት ክር ያለው መሣሪያ ሳያቋርጥ የሚደረደር ይመስል «ዪያዪንንን» እያለች መነሻውን ድምፅ ትይዛለች፣ እኛም በእሷ ላይ እንቆማለን። ራጋ ማለት እነሱ ዘንድ የዜማ መንገድ ነው፤ እኛ ቅኝት ከምንለው ጋር ይዛመዳል፣ ነገር ግን የትኞቹ ድምፆች እንደሚገቡበት ብቻ ሳይሆን የት ላይ እንደሚታረፍ፣ የትኛው ድምፅ እንደሚወዘወዝ፣ በየት ተዙሮ እንደሚወረድ ጭምር ሕግ አለው። ሕጉን መጻፍ አይቻልም፤ ወይዘሮ ካማላ ያዜማሉ፣ እኛ እንደግማለን፣ አይሆንም ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እንደገና እንደግማለን። ቤት ውስጥ እማዬ በአማርኛ ስትጠይቀኝ በስዊድንኛ የመመለስ መጥፎ አመል ነበረብኝ፤ ያን ሰሞን «እራት በላሽ?» ስትለኝ «ፓ ዳ ፓ ማ» ብዬ ስለምመልስ፣ «ሁለቱ አልበቃ ብሏት ሦስተኛ ጨመረች» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ከእኔ ጋር የምትማረው ቪዲያ የምትባል እኩያዬ ነበረች፤ የእናቷ ቋንቋ ታሚል፣ ድምጿ እንደ ጠጅ የጠራ፣ እሷም ይህንኑ በደንብ የምታውቅ። እኔ ቪዲያን እወዳታለሁ፣ እቀናባታለሁ፤ ሁለቱም እኩል እውነት ነበሩ።

በረዶው ከወደቀና በየመስኮቱ የወረቀት ኮከብ ከተሰቀለ በኋላ ወይዘሮ ካማላ አንድ ነገር ነገሩን። ግንቦት ሲደርስ ኖርስቦሪ የባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ አጠገብ ባለው የሰፈር አዳራሽ ታሚሎቹ ሁሉ ይሰበሰባሉ፤ ተማሪዎቻቸው አንድ በአንድ መድረክ ላይ ተቀምጠው ያዜማሉ። ይህን ስሰማ ልቤ ድልቅ ድልቅ አለ። ምክንያቱም ትምህርት ቤት ኢትዮጵያዊት ነሽ ይሉኛል፣ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ዘመዶች ስዊድን ሆነሽ ቀረሽ ይሉኛል፤ እዚያ ምንጣፍ ላይ ግን ድምፁን ያዝሽ ወይስ አልያዝሽም ከሚለው በቀር ማንም ምንም አይለኝም ነበር። መድረክ ላይ ብወጣ ተማሪ ነኝ ማለት ነው። ካልወጣሁ እንግዳ ነኝ።

ወይዘሮ ካማላ ለቪዲያ አንድ ትልቅ ራጋ ሰጧት፤ ቀስ ብሎ የሚገለጥ፣ ከታች ተነሥቶ እስከ ሰማይ የሚደርስ፣ ሲያዜሙት ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ። ለእኔ ቸንቹሩቲ የሚባል ሰጡኝ። ደስ ብሎኝ ደረጃውን ስወርድ ቪዲያ ከኋላዬ መጣችና፣ በክፋት ሳይሆን እንደ ዕውቀት፣ «እሱ እኮ ቀላሉ ነው» አለችኝ። «አያቶች ለጸሎት የሚያዜሙት። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ሰው ኮቱን ሲለብስ።»

ሰው ኮቱን ሲለብስ! ፊቴን ጥዬ ቤት ገባሁ፤ እማዬ ምን ሆንሽ ብትለኝ አልመለስኩላትም። ቃል የሌለው፣ ቀላል፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣ፤ ለእንግዳ የሚሰጠው እንዲህ ያለው ነው ብዬ ደመደምኩ። እሺ፣ እንዲህ ከሆነ ይህን ቀላል የተባለውን ነገር አዳራሹን በሚያናውጥ ድምፅ አዚሜው ያያሉ፣ አልኩ። ያን ጊዜ እልኸኛ ልጅ ነበርኩ፤ ዛሬም የተሻለኝ አይመስለኝም።

እልኼ ግን ራሴኑ ነው የጠለፈኝ። ቸንቹሩቲ ከመነሻው ከሳ ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወደ ላይም ይወጣል፣ የሚወጣው ግን እስከ ሰባተኛው ድምፅ እስከ ኒ ብቻ ነው፤ ከኒ በላይ ያለውን ከፍተኛውን ሳ አይነካውም። ለዚህም ሲባል ወይዘሮ ካማላ የሳጥኗን መነሻ ድምፅ ከፍ ያደርጉና ዜማው መሃል ሜዳ ላይ ቤቱን ይሠራል፤ ምድር ቤት አለው፣ ፎቅ የለውም። እኔ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነበርኩ። የእኛን መዝሙር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መጨረሻው ሲቃረብ ከበሮው ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይደምቃል፣ ዜማው ወደ ላይ ይነሣል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። መዝሙር ሳይነሣ አያልቅም። ስለዚህ ቸንቹሩቲንም ሳዜም ኒ ላይ በደረስኩ ቁጥር እግሬ ያለ ፈቃዴ ደረጃውን ይቀጥልና፣ ከፍተኛው ሳ ላይ ወጥቼ እንደ ባንዲራ እቆም ነበር። ያኔ ወይዘሮ ካማላ እጃቸውን ዘርግተው ሳጥኗን ጠቅ አድርገው ያጠፏታል።

«ጣሪያውን ቀደድሽው» ይሉኛል። «ኒ ድረስ ሄደሽ ተመለሺ።»

«ለምን?»

«ላይኛው ስለማያስፈልገው።»

ይህ መልስ አይደለም እያልኩ እያጉረመረምኩ ደረጃውን እወርድ ነበር። ቤት ስለማመድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረብኝ፤ የእማዬ የልብ ወዳጅ እትዬ አልማዝ ከሶለንቱና በባቡር ዘወትር አርፍደው እየመጡ ሶፋችን ላይ ነጠላቸውን አደግድገው ይቀመጣሉ፤ እኔ ኒ ላይ ስደርስ አገጫቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ፣ ሳ ላይ ስወጣ «እልልልል! ጎሽ የኔ ልጅ!» ይላሉ። እሳቸው እልል ሲሉ እኔ ደግሞ ከዚያም ልወጣ እቃጣ ነበር። እማዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «አልማዝዬ፣ ተይ አታበላሺያት» ትልና ወደ እኔ ዞራ፣ «አንቺም ብትሆኚ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሆነሻል፤ ያ መሃል ላይ ያለው ነው የሚያምረው» ትለኝ ነበር። ማን ሰምቷት። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ጥር አልፎ የካቲት ሲጋመስ ወይዘሮ ካማላ ከሳሎናቸው መስኮት ሐይቁን አሳዩኝ፤ ሰዎች በበረዶው ላይ ውሻቸውን ይዘው ይሄዱበት ነበር። «ይህ በረዶ እስኪለቅ ጊዜ አለሽ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ያኔ ራጋውን ካልያዝሽው ዘንድሮ ተቀምጠሽ ታዳምጫለሽ። ጎዶሎ ራጋ ይዞ መድረክ ላይ መውጣት የለም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሐይቁ በኩል ዞሬ፣ ዳር ዳሩን በቡቴ ተረከዝ እየመታሁ፣ እባክህ ትንሽ ቆይ እለው ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። ከስዊድኖች በተዋስነው ቤተ ክርስቲያን ከበሮዎቹ ጨርቅ ለብሰው ጥግ ተቀመጡ፣ ጭብጨባው ቀረ፣ እልልታው ቀረ። እኔ ጾሙን የምጠላው ስለ ወተቱና ስለ ሥጋው አልነበረም፤ ስለ ከበሮው ነበር። መዘምራኑ ነጠላቸውን አጣፍተው ዝግ ብለው ሲዘምሩ እንቅልፌ ይመጣ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኩርፊያዬን ይዤ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተንጋልዬ ሳለሁ እማዬ ጎመን እየከተፈች አንድ የጾም መዝሙር ታንጎራጉር ጀመር። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፣ ከቢላዋው ድምፅ እምብዛም አይበልጥም ነበር። ዜማው ትንሽ ይወጣል፤ አሁን ሊነሣ ነው ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ፤ አልተነሣም፣ ዞሮ ተመለሰ። እንደገና ወጣ፤ አሁንስ አልኩ፤ አሁንም ዞረ። ሦስተኛው ላይ ቀና ብዬ ተቀምጬ እንደነበር፣ ትንፋሼንም ይዤ እንደነበር ታወቀኝ። በመዞሪያው ላይ የሆነ ነገር ነበር። ያ ድምፅ ወደ ላይ ስላልሄደ አልጠፋም፤ እዚያው ከእኛ ጋር፣ ከጎመኑና ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ቀረ፣ ሲቀርም እየሞላ ሄደ።

«እማዬ፣ ለምን ከፍ አታደርጊውም?» አልኳት። በአማርኛ ነበር የጠየቅኳት፤ እሷም ገርሟት ቢላዋዋን አቆመች።

«ጾም እኮ ነው» አለች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና፣ «ደግሞስ ላይ ምን ልትፈልጊ ነው የምትወጪው? የሚለመነው እዚሁ ነው ያለው» ብላ ወደ ጎመኗ ተመለሰች።

ተነሥቼ ክፍሌ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ቸንቹሩቲን ከታች፣ ከምድር ቤቱ፣ ከዳ ጀመርኩ። ወደ ሳ ወጣሁ፣ ሪ፣ ጋ፣ ማ አልኩ፣ ፓ ላይ ቆየሁ፣ ዳ ብዬ ኒ ላይ ደረስኩ። ከኒ በላይ ያለው ሳ እዚያው ነበር፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። አልዘረጋሁም። ኒ ላይ ትንሽ ተወዛወዝኩና ዞሬ ወረድኩ፤ ስወርድም ያልነካሁት ድምፅ አብሮኝ ሲወርድ፣ እያንዳንዱን የማልፍበትን ድምፅ ሲያሞቀው ተሰማኝ። አለቀስኩ። ምን እንዳስለቀሰኝ ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም ነበር፤ ደስታ ነበር፣ የገባኝ ነገር ደስታ።

በማግስቱ ወይዘሮ ካማላ ፊት ተቀምጬ አዜምኩት። እጃቸው ወደ ሳጥኗ ተዘርግቶ ነበር፤ ኒ ላይ ስደርስ ጣታቸው ቁልፉን ነካ፣ ስዞር ጣታቸው ቆመ፣ ስወርድ እጃቸው ተመልሶ ጉልበታቸው ላይ አረፈ። ስጨርስ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ሐይቁን አይተሽዋል?» አሉኝ።

«ገና በረዶ ነው።»

«እንግዲያው ቀደምሽው» አሉና ሳቁ፤ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ከዚያም ቀደም ሲል የነፈጉኝን መልስ ሰጡኝ። ይህ ራጋ አገራቸው ስለት ያለባቸው ሰዎች በአበባ ያጌጠ የእንጨት ቀንበር በትከሻቸው ተሸክመው፣ በባዶ እግራቸው ወደ ተራራው መቅደስ ሲወጡ ያዜሙበት እንደነበር ነገሩኝ። «ሸክም ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው ለላይኛው ድምፅ ትንፋሽ ከየት ያመጣል?» አሉ። «ቀላል የተባለው ሸክም ይዘው የሚያዜሙት ስለሆነ ነው። አንቺ ግን ንቀሽው ነበር።» እንዴት እንዳወቁብኝ አልጠየቅኳቸውም።

ይህን ለአባዬ ስነግረው ሹካውን አስቀመጠ። «እኛም ቁልቢ ስንሄድ እንዲሁ ነበር» አለ። «እናቴ ስለት ነበረባትና ልጅ ሆኜ በእግር ወስዳኛለች። ዳገቱ ላይ ጮኾ የሚዘምር የለም፤ ሁሉም በሆዱ ነው የሚለው።» በአዳራሹ ቀን ሥራ አለኝ ብሎ ነበር፤ በነጋታው ለማንም ሳይናገር ፈረቃውን ተቀያየረ።

ፋሲካ ሆነ፣ ከበሮዎቹ ጨርቃቸውን አወለቁ፣ በርች የሚባሉት ዛፎች በአንድ ሳምንት ቅጠል አወጡ። ግንቦት ላይ እኔ የሐበሻ ቀሚሴን፣ እማዬና እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን፣ አባዬ የሠርጉን ክራቫት አድርገን በቀዩ መስመር ባቡር ወደ ኖርስቦሪ ሄድን። ወይዘሮ ካማላ በር ላይ ተቀበሉንና ሹሩባዬ ላይ ነጭ የአበባ ጉንጉን ሰኩልኝ። እማዬ ደግሞ ባቡር ውስጥ የጀመረችውን ምክር አልጨረሰችም ነበር፤ «አልማዝዬ፣ አደራሽን፣ እነሱ ዘንድ እልል አይባል ይሆናል» ትላለች፣ እትዬ አልማዝም «እኔ ልጅ ነኝ እንዴ?» ይላሉ።

ቪዲያ ትልቁን ራጋ አዜመች። እውነቱን ልናገር፣ ግሩም ነበረች፤ አዳራሹ ጸጥ ብሎ፣ የገባቸው አዛውንቶች ራሳቸውን በቀስታ እየነቀነቁ አዳመጧት፣ ስትጨርስ ጭብጨባው እንደ ዝናብ ወረደ። ብዙ ልጆች ተከተሉ። የእኔ ተራ ሲደርስ ሰዓቱ ገፍቶ ነበርና፣ ቪዲያ እንዳለችው፣ ሰው ኮቱን ይለብስ ጀመር። ሕፃናት ይለቀሙ፣ ወንበር ይንቋቋ፣ አንድ ሽማግሌ አንድ እጃቸውን እጅጌ ውስጥ ከትተው ሁለተኛውን ይፈልጉ ነበር። እግሬን አጣጥፌ ተቀመጥኩ፣ ወይዘሮ ካማላ የሳጥኗን ድምፅ ከፍ አደረጉልኝ።

ከምድር ቤቱ ጀመርኩ። ዳ፣ ሳ፣ ሪ፣ ጋ። ጫጫታው አልቆመም፣ እኔም አልጮኽኩበትም። ኒ ላይ ስደርስ እትዬ አልማዝ አገጫቸውን ሲያነሡ፣ እማዬም የእጃቸውን አንጓ ስትይዝ በዓይኔ ጫፍ አየሁ፤ ዞሬ ወረድኩ። ከዚያ ወይዘሮ ካማላ ያስተማሩኝን የመንገድ ዜማ፣ ያለ ቃል፣ በድምፆቹ ስም ብቻ ጀመርኩ፤ የሚሄድ እግር ምት ያለው ነበር፤ እጄን ጭኔ ላይ እየመታሁ አዜምኩት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አፋቸውን ከፈቱ። እኔ «ሳ ሪ ጋ ማ» የምለውን እሳቸው በቃል ይሉት ነበር፤ ከስንት ዓመት በፊት የተማሩት ቃል ይሆናል። ቀጥሎ ሽማግሌው፣ ግማሽ ኮት ለብሰው እንደቆሙ፣ ገቡ። ከዚያ ረድፉ፣ ከዚያም ከኋላው ያለው። ለቪዲያ ዝም ያለው አዳራሽ ለእኔ አፉን ከፈተ፤ ኮት የለበሱት ከነኮታቸው ተቀመጡ፣ በሩ ጋ የደረሱት ተመለሱ፣ እናቶች የተሸከሟቸውን ልጆች እያወዛወዙ አዜሙ፤ ቃል አልባው ዜማዬ ለሁሉም የሚሆን ቦታ ነበረው።

በድንገት አባዬ ትዝ አለኝ። ቃል አይኖረውም ተብሎ ነበር የተፈቀደልኝ፣ ይኸው አዳራሹ ሙሉ ቃል ሆኗል። በፍርሃት ወደ እሱ ተመለከትኩ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ያጨበጭብ ነበር፤ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ጭብጨባ፣ መዳፉን ሰፋ አድርጎ፣ ከትከሻው እየተወዛወዘ፤ ከታሚሎቹ ጭብጨባ ጋር አንዲት ጊዜ እንኳ አልተሳሳተም።

የመጨረሻው ዙር መጣ። እንደዚያ ያለ ሙቀት ውስጥ ሰውነቴ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ላይ መነሣት። ሕዝቡ ደምቋል፣ ምቱ ፈጥኗል፣ ከፍተኛው ሳ በሩን ከፍቶ ይጠብቀኛል። ኒ ላይ ወጣሁ፣ ተወዛወዝኩ፣ አዳራሹ በሙሉ ከእኔ ጋር ተወዛወዘ፤ እናም ዞርኩ። አብረውኝ ዞሩ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ድምፅ፣ አንድም ሳይቀር፣ ዳገቱ ላይ የደረሰውን ሸክም በቀስታ እንደሚያወርድ ሰው ወደ ሳ ወርዶ አረፈ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ትልቅ ሆኜ አላውቅም።

እትዬ አልማዝ እጃቸውን ከእማዬ አስለቀቁ። «እልልልልልል!» አዳራሹ በአንድ ጊዜ ዞሮ አያቸው፤ እማዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ከዚያ ከፊት ረድፍ፣ እኚያ መጀመሪያ የገቡት አሮጊት፣ ምላሳቸውን አርገብግበው፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ የራሳቸውን እልልታ መለሱላቸው። ለካ እነሱም አላቸው! ሌሎችም ተቀበሏቸው፤ ሁለቱ ሴቶች ወንበር አሻግረው፣ አንዳቸው የሌላዋን ቋንቋ ሳያውቁ፣ እስኪደክማቸው ተቀባበሉ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከመድረክ ስወርድ ቪዲያ አቀፈችኝና ጆሮዬ ላይ «ለእኔ እኮ ማንም አላዜመም» አለችኝ፤ ቅናት ከሆነ ያምር ነበር። ወይዘሮ ካማላ ግን የሳጥኗን ሽቦ እየጠቀለሉ «ሁለተኛው ዙር ላይ ፈጥነሻል። ሰኞ ነይ» ብቻ አሉኝ፤ እንደ ማንኛዋም ተማሪ።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ አባዬ ዜማውን በአፍንጫው ያንጎራጉር ነበር። እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ ስለ ቃሉ መቼ ይናገረኝ ይሆን እያልኩ ስጠብቅ፣ «ቃል የለውም አላሉም ነበር እንዴ ሴትዮዋ?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ቃል አልወጣኝም» አልኩ፤ በአማርኛ።

«እሱስ እውነት ነው» አለና ፊቲያ እስክንደርስ ማንጎራጎሩን ቀጠለ።

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል። ወይዘሮ ካማላ ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገብተዋል፤ ዛሬም በስልክ እየተያየን ስህተቴን ያርሙኛል፣ ትልልቆቹን ራጋዎችም አንድ በአንድ ሰጥተውኛል። መሃል ስቶክሆልም ባሉት፣ ወንበራቸው ቀይ ከፋይ በለበሰው አዳራሾች ውስጥ አዜማለሁ፤ ሰዉ ስልኩን አጥፍቶ፣ ሳሉን ውጦ፣ እስከ መጨረሻው ድምፅ ድረስ ዝም ብሎ ያዳምጠኛል፣ ስጨርስም ተነሥቶ ያጨበጭብልኛል። ደስ ይለኛል፤ ለዚህ ደክሜያለሁ። ኖርስቦሪ ግን አፉን ለመክፈት እስክጨርስ የጠበቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።